ጠይሙ ፊት የት ገባ?

ስለ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ኅትመትና ስለ ቀለም ቅኝት የቀረበ ሙግት

በአገራችን የኪነ ጥበብ መድረክ ስለ ፎቶግራፍ ክርክር በተነሣ ቁጥር ነገሩ ሁልጊዜ ስለ ማንሣት ነው፤ ስለ ማተም አይደለም። ማን አነሣው፣ በምን መሣሪያ አነሣው፣ ከየት ቆሞ አነሣው እየተባለ ብዙ ይጻፋል፤ ብዙም ይነገራል። ሥዕሉ ከወረቀት ላይ በሚያርፍበት ሰዓት ምን እንደሚደርስበት የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ስለዚያች ሰዓት ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር በየቤቱ ግድግዳ፣ በየመሥሪያ ቤቱ መተላለፊያ፣ በየለቅሶው ድንኳን ተሰቅለው ከምናያቸው የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ብዙዎቹ የሰውን ፊት አጥፍተዋል። ያጠፋው ካሜራው አይደለም፤ ፀሐዩም አይደለም፤ የሕዝባችን የቆዳ ቀለም ደግሞ ከቶ አይደለም። ያጠፋው ማንም ሳይለካው፣ ማንም ሳያስተካክለው ከካርቶኑ ወጥቶ ሥራ የጀመረው አታሚ ማሽን ነው። ነገሩ ቸልተኝነት ነው፤ ቸልተኝነትም ባለቤት አለው።

ጉዳቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ጋቢ የለበሰ ገበሬ ወይም ነጠላ ያጣፋች እናት የተነሡበትን ማናቸውንም የአካባቢውን ኅትመት ቀርቦ መመልከት ይበቃል። ጋቢው እጥፋቱም ድርቡም ጠፍቶ አንድ ባዶ የወረቀት ንጣት ሆኗል። ከዚያ ንጣት መካከል አንድ ጥቁር ክብ ይወጣል። ዓይን ካለ በሁለት ነጫጭ ነጥቦች ይታወቃል። የጉንጩ አጥንት፣ የግንባሩ መስመር፣ ዕድሜ በአፍ ዙሪያ ያሠመረው ሁሉ በአንድ ጥላሸት ተውጧል። እንዲህ ያለውን ሥዕል በክብር ሰቅለን «የሕዝባችን ገጽታ» ብለን ስንሰይመው አለማፈራችን ይደንቃል። ገጽታው የት አለ?

ይህ የአዳራሽ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንድ መጽሔት ገጽ ባልተሻማሁም ነበር። ነገር ግን በጎጃም ገጠር ፎቶግራፍ ከሁሉ ይልቅ የሚፈለግበት ጊዜ አለ፤ እርሱም ሰው የሞተ ዕለት ነው። የሟቹ ፎቶግራፍ ተፈልጎ ይወጣል፤ ይታቀፋል፤ ለለቅሶተኛው ይታያል። አልቃሿ ስለ ቁመናው፣ ስለ ዓይኑ፣ ስለ ጥርሱ፣ ስለ መልኩ ግጥም እየደረደረች ታስለቅሳለች። ታዲያ ይህ ፎቶግራፍ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከየት ነው? ከቀበሌ መታወቂያ ላይ ከተለጠፈ ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። ያ ጉርድ በእጅ ስልክ ይነሣል፤ ፎቶ ቤት ገብቶ ያድጋል፤ በአንድ ቅጠል ወረቀት ታትሞ በላስቲክ ይለበዳል። በእያንዳንዱ መተላለፊያ ጥቂት ጥቂት ጥላ እየተደፈነ ሄዶ፣ በመጨረሻ ማሽኑ የቀረውን ይደፍነዋል። አልቃሿ የምታነሣው መልክ በቃሏ አለ፤ በሥዕሉ ግን የለም። ሌላ ፎቶግራፍ ያልተነሣ ሰው ከሆነ፣ እነዚያ ዕጥፍ ድርብ የተደፈኑ ጥላዎች የልጆቹ ብቸኛ ውርስ ናቸው።

ባለፈው ዓመት በፍኖተ ሰላም ከአንድ ፎቶ ቤት ተቀምጬ የሰማሁትን ላውሳ። አንድ በዕድሜ የገፉ ገበሬ የወንድማቸውን መታወቂያ ከመሐረብ ፈትተው ለልጁ ሰጡት። ልጁ ትሑትና ታታሪ ነው፤ ነገሩን በክፋት እንዳላደረገው ይታወቅልኝ። አትሞ ባወጣው ጊዜ ራሱም ሳይወደው ቀረ መሰል፣ «አባባ፣ በጣም ጠቁሯል፤ ፊታቸውን ላቅላልዎት?» አላቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን ወስደው አዩትና፣ «አይ ልጄ፣ እሱ ቀይ አልነበረም» አሉ። «እንደዚሁም ጥቁር አልነበረም። ጠይም ነበር።» ልጁ ማሽኑን አየ፤ እሳቸውን አየ። ከማሽኑ ላይ «ጠይም» የሚል ቁልፍ አላገኘም።

የሙግቴ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። የሽማግሌው ቋንቋ ማሽኑ ያላወቃቸውን ደረጃዎች ያውቃል። አማርኛ የሰውን መልክ ሲለይ ቀይ፣ ብስል ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያለ ይወርዳል፤ በየመካከሉም ሌላ ያስገባል። ከብት የሚያረባው ገበሬማ ከዚህ በላይ ረቂቅ ነው፤ ዳለቻውን ከነጩ፣ ቡሬውን ከዥጉርጉሩ ሳይሳሳት ከማዶ ይለያል። ዳለቻ የሚለው ቃል ራሱ ከጥቁርና ከነጭ መካከል ላለው ሰፊ አገር ያለን ስም ነው። የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የሚባለው ሙያም በመሠረቱ የዳለቻ ሙያ ነው፤ ስሙ አሳሳተን እንጂ ጥቁሩና ነጩ ዳር ድንበሮቹ ብቻ ናቸው። በሬውን በመልኩ ለይቶ የሚጠራ ሕዝብ የገዛ ወንድሙን መልክ ለይቶ የሚያትምለት አጣ ማለት ነው።

አሁን ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ በግልጽ እንየው። ቀለም የሚረጨው አታሚ ዳለቻ ቀለም የለውም፤ ወይም ቢኖረው አንድ ወይም ሁለት ነው። ዳለቻን የሚሠራው በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን ነጠብጣቦችን አራርቆ ወይም አቀራርቦ በመርጨት ነው። ነጠብጣቡ ከወረቀት ላይ ሲያርፍ ግን ባረፈበት አይቆምም፤ ይሰፋል፤ ወረቀቱም ይጠጣዋል። በዚህ ምክንያት ማሽኑ ግማሽ ቀለም ርጭ ተብሎ ሲታዘዝ ወረቀቱ ላይ የሚታየው ከግማሽ እጅግ የጠቆረ ነው። ሰማንያ አምስት፣ ዘጠና፣ ዘጠና አምስት በመቶ ሲታዘዝ ደግሞ ነጠብጣቦቹ ተገናኝተው ስላለቁ ሦስቱም አንድ ዓይነት ጥቁር ይሆናሉ። ቀለም ይጨመራል፤ ጥቁረት ግን አይጨመርም። በኮምፒዩተሩ ፋይል ላይ ከ0 እስከ 255 ያለ የብርሃን መሰላል አለ። በዛፍ ጥላ ወይም በቤት ደጃፍ የተነሣ ጠይም ፊት በዚያ መሰላል የታችኛው ሲሶ ላይ ይቀመጣል። ማሽኑ የሚደፍነው ደግሞ በትክክል ይህንኑ የታችኛውን ሲሶ ነው። ነጣ ያለ ፊት ከመሰላሉ ወገብ በላይ ስለሚቀመጥ ከዚህ አደጋ ያመልጣል። ስለዚህ አንድ ያልተስተካከለ ማሽን ሁለት ሰዎችን ሲያትም የአንዱን ፊት ጠብቆ የሌላውን ይውጣል። ለማንም ጥላቻ የለውም፤ ሒሳቡ ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ፊቱ ብቻም አይደለም። የእኛ ሰው ልብሱ ነጭ ነው። በአንድ ሥዕል ውስጥ ከጥጥ ንጣት እስከ ጠይም ቆዳ ጥላ ድረስ ያለው ርቀት ሌላው ዓለም በግራጫ ኮትና በነጣ ፊት መካከል ካለው ርቀት እጅግ ይሰፋል። ቴያትር ጸሐፊ እንደ መሆኔ ይህን ከመድረክ አውቀዋለሁ፤ ነጭ ጋቢ የለበሰ ተዋናይ በቀጥታ መብራት ስር ሲቆም ጋቢው ብርሃኑን ሁሉ ይበላና ፊቱ ይጨልማል፤ ደኅና የመብራት ባለሙያ መብራቱን ከጎን አምጥቶ ፊቱን ያወጣዋል። አታሚው ማሽን እንዲህ ያለ ባለሙያ የለውም። ባለሙያው ኩርባው ነው።

ኩርባ ማለት ምንድን ነው? ለታዘዘው ቀለም በወረቀቱ ላይ ምን ያህል ጥቁረት እንደሚገኝ የሚያሳይ መስመር ነው። ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ኸርተርና ድሪፊልድ የተባሉ ሁለት ሰዎች በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1890 የፊልምን ጥቁረት ለክተው ይህን መስመር ከሣሉት ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛም ዘንድ ቢሆን የአሮጌው ጨለማ ክፍል ባለሙያዎች ስሙን ሳይሉት ግብሩን ያውቁት ነበር። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ያነሡት ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ፣ ከእነርሱም በኋላ በየአውራጃው ከተማ ፎቶ ቤት የከፈቱት ብዙዎች አንድ ሥዕል ከማተማቸው በፊት የሙከራ ቁራጭ ወረቀት ያነድዱ ነበር። ሻካራውን ወይም ለስላሳውን ወረቀት በቁጥሩ ይመርጣሉ፤ ብርሃኑ ሲበራ በመዳፋቸው ጥላ ፊቱን ይከልላሉ፤ ጋቢውን ደግሞ ጨምረው ያቃጥሉታል። አያቶቻችን ከነጭ ጋቢ ውስጥ በሚያማምሩ ፊቶች የሚያዩን ለዚህ ነው። ጨለማ ክፍሉ ሲዘጋ ይህ የእጅ ዕውቀት አብሮ ተዘጋ። የገባው ማሽን በፍጥነቱ ተመሰገነ፤ ያጠፋውን ግን የቆጠረለት የለም።

እዚህ ላይ የምሁራን ወገን አንድ መልስ ይዞ ይነሣል፤ «ጥፋቱ የባዕድ ነው» ይላል። በእርግጥ የባዕድ ጥፋት አለበት፤ በታሪክ የተመሰከረ ነው። የኮዳክ ኩባንያ ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ጀምሮ ለየማተሚያ ቤቱ የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ የአንዲት ነጭ ሴት ሥዕል ነበረበት፤ ካርዱም በሴትየዋ ስም «ሸርሊ» ተባለ። የሸርሊ ጉንጭ አምሮ ከወጣ ማሽኑ ትክክል ነው ተባለ። የጥቁር ሰው ፊት ቢጠፋ ማሽኑን የሚከስስ አልነበረም። ፊልሙ ቡናማን እንዲለይ ግፊት ያደረጉት ደግሞ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ ነጋዴዎች መሆናቸው ሲነገር መራራ ቀልድ ይመስላል። ፖላሮይድ የተባለው ኩባንያ የሠራው የመታወቂያ ማንሻ መሣሪያ በደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ መንግሥት ጥቁሩን ሕዝብ ለሚያስርበት የይለፍ ደብተር ውሏል። ካሮላይን ሃንተርና ኬን ዊሊያምስ የተባሉ የኩባንያው ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1970 ተነሥተው በመታገላቸው ኩባንያው በ1977 ከዚያ አገር ወጣ። ዣን ሉክ ጎዳርም በዚያው ዘመን በሞዛምቢክ በኮዳክ ፊልም አልሠራም ማለቱ ይጠቀሳል።

ይህን ሁሉ እናውቃለን፤ በየጉባኤውም እናወሳዋለን። ነገር ግን ጓዶች፣ ሸርሊ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጥታ ማሽኑን አላዘዘችውም። በፊልሙ ዘመን ኬሚካሉ የሚቀመመው በባዕድ ፋብሪካ ነበርና እጃችን አጭር ነበር። የዛሬው ማሽን ኩርባ ግን በማንም ኮምፒዩተር ላይ በጣት የሚታጠፍ መስመር ነው። ልንለውጠው የምንችለውን ነገር ሳንነካ ትተን የሩቁን ኩባንያ መርገም ሙግት አይባልም። የሌላውን ግፍ ለስንፍናችን መጋረጃ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ጥቁር ሰው ጥቁር ሆኖ ቢወጣ ምን ይገርማል?» የሚለው ነው። ይህን ቃል ከመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች አፍ ሰምቻለሁ። አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ ከፍሬድ አርቸር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940 ላይ ያዘጋጀው የብርሃን ደረጃ ሥርዓት መልስ ይሰጠዋል። ከፍጹም ጥቁር እስከ ፍጹም ነጭ ያለውን ከዜሮ እስከ አሥር ከፍሎ፣ የነጭ ሰው ቆዳ ስድስተኛው ላይ፣ የጠቆረ ሰው ቆዳ አምስተኛው ላይ አስቀምጦታል። አምስተኛው ማለት የመሰላሉ እኩሌታ ነው! በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ ደረጃ ብቻ ነው። ጥቁር ፊት የጥቁር ቀለም ዕጣ አይደለም፤ የዳለቻ መካከል ነው። ኃላፊው የሚለው እውነት ቢሆን ኖሮ በገዛ ዓይኑ የሚስቱን ፊት ማየት ባልቻለም ነበር።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ማቅላት። ፊቱን ብቻ ከሥዕሉ ለይቶ በኮምፒዩተር ማንጣት። ከዚህ የሚወጣው ሰው አንገቱ ጥቁር፣ እጁ ጥቁር፣ ፊቱ የሊጥ ቀለም ያለው ሌላ ፍጡር ነው። ሙሽሮች ይህን ከፍለው ያሠራሉ፤ ደስ ካላቸው ልከለክላቸው አልችልም። ሟች ግን ፈቃዱን አይጠየቅም። ከዚያ ይልቅ የሚያሳዝነው ማቅላቱ ያልተቃኘውን ማሽን ሕጋዊ ማድረጉ ነው፤ ማሽኑ ያጠፋውን ሰው በማንጣት «አዳንነው» እንላለን።

በሌላ በኩል የምዕራብ ጎጃም ታሪክ ራሱ ለዚህ ክርክር ምስክር አለው። በየካቲት ወር 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቅቆ ከሸሸ በኋላ የአርበኞችና የእንግሊዝ ኃይል ይህንን መንገድ ተከትሎ ወደ ደብረ ማርቆስ ወርዷል። ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በብርጋዴር ሳንድፎርድና በኮሎኔል ዊንጌት መካከል ሆነው በደምበጫ ምሽግ ውስጥ የተነሡት ፎቶግራፍ ሚያዝያ 7 ቀን 1933 ዓ.ም. የተነሣ ነው፤ ዋናው ለንደን በሚገኘው ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም ይገኛል። ደምበጫ ከፍኖተ ሰላም የቅርብ ጎረቤት ነው። እንግዲህ ይህን ሥዕል አንድ የወረዳ ባህል ጽሕፈት ቤት ለአርበኞች በዓል ባልተቃኘ ማሽን ያትመው እንበል። በሒሳቡ መሠረት የሚሆነው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ የሁለቱ እንግሊዛውያን ፊት ይቀራል፤ የሦስተኛው ሰው ፊት ከባርኔጣው ጥላ ጋር ይደፈናል። በአርበኞች ሥዕል ላይማ ጉዳቱ ከዚህ ይብሳል፤ ጎፈሬና ጢም ያለበት ፊት በቀትር ፀሐይ ተነሥቷልና። የነፃነት በዓል ስናከብር ነፃ አውጪዎቹን ማጥፋት! ጠላት በአምስት ዓመት ያልቻለውን የአንድ ከሰዓት ኅትመት ይፈጽመዋል።

ከቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች አንዱ የነበሩት አቶ ሽመልስ ደስታ ነጋቲቮቻቸውን ጠብቀው ወደ ውጭ በማውጣታቸው ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2007 በለንደን ለሕዝብ ታየ። የእኛ ዘመን ሰው ነጋቲቩ ሲገኝ ብቻ «ታሪክ ዳነ» ይላል። አልዳነም። ነጋቲቭ ግማሽ ነገር ነው፤ ሌላው ግማሽ ወረቀቱ ላይ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለዚህ ሥራ ባዕድ ቃል ከመዋስ ይልቅ የራሳችንን ቃል አቀርባለሁ፤ «ቅኝት» እንበለው። ክራር ደርዳሪ ሳይቃኝ አይጀምርም። ትዝታን፣ ባቲን፣ አንቺሆዬንና አምባሰልን የሚለያቸው የክሮቹ ርቀት ነው፤ አንዱ ክር ቢላላ ዜማው ይበላሻል። ሰሚውም ክሩን አይቶ ሳይሆን ጆሮው ቆርጥሞት ያውቃል። አታሚ ማሽንም ክሮች አሉት፤ እነርሱም ደረጃዎቹ ናቸው። አቃኛኘቱ እንደሚከተለው ነው።

ከነጭ እስከ ጥቁር በአምስት በአምስት በመቶ የሚወርዱ 21 ሳጥኖች ያሉበት ሰሌዳ በኮምፒዩተር ይሠራል። ማሽኑ በራሱ የሚያደርገው ማሳመሪያ ሁሉ ተዘግቶ ሰሌዳው ይታተማል። ከዚያ ይጠበቃል፤ ይህን የሚዘነጉ ብዙዎች ናቸው። ቀለም ሲደርቅ መልኩን ይለውጣልና ቢቻል እስከ ማግሥቱ ይቆይ። ከደረቀ በኋላ ሳጥኖቹ ይለካሉ። ዴንሲቶሜትር የሚባለው የጥቁረት መለኪያ ካለ እሰየው፤ ከሌለ ደኅና ጠፍጣፋ ስካነር፣ ራሱ የሚያስተካክለው ነገር ሁሉ ተዘግቶ፣ አጠገቡ ልኩ የታወቀ የዳለቻ ሰሌዳ ተቀምጦ ሊያገለግል ይችላል። ስካነርም ከሌለ ዓይን አለ፤ በመስኮት ብርሃን ስር ቆሞ ከታች ወደ ላይ ስንት ሳጥኖች እንደተጣበቁ መቁጠር ማንንም አያቅተውም። መጀመሪያ የሚፈለገው ቀለም የሚጨመርበት ግን ጥቁረት የማይጨመርበት ቦታ ነው፤ ማሽኑ ከዚያ በላይ እንዳይረጭ ይታገዳል። ቀጥሎ የተደፈኑት ሳጥኖች እንዲለያዩ ኩርባው ከታች በኩል ወደ ብርሃን ይነሣል፤ እርምጃቸውም ለዓይን እኩል እስኪሆን ድረስ ይታጠፋል። በአዲሱ ኩርባ ሰሌዳው ዳግመኛ ይታተማል፤ ይደርቃል፤ ይለካል። ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ ያስፈልግ ይሆናል። ክራርም በአንድ ጊዜ አይቃኝም።

አንድ ኩርባ ለሁሉም አይሆንም። የሚያብረቀርቀው ወረቀት ከጥቁረት ልኬት 2 በላይ ሲደርስ ደብዛዛው ወረቀት 1.6 ገደማ ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወረቀት የራሱ ቅኝት ይሠራለታል። የቀለም ጠርሙሱ ዓይነት ሲለወጥም እንዲሁ። በዝናብ ወራት ርጥበት ያገኘው ወረቀት እንደ በጋው አይጠጣም። ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ሮይ ሃሪንግተን የሠራው ኳድቶን ሪፕ በዝቅተኛ ዋጋ ይገኛል። ጆን ኮን ደግሞ ጥቁሩን ብቻ በብዙ ደረጃ የቀጠነ ቀለም አድርጎ በማሽኑ ጋኖች ሁሉ በመሙላት የታወቀ ነው። ይህ ለትልልቅ ቤቶች ይሁን። ለትንሹ ፎቶ ቤት በነፃ የሚገኘው ጊምፕ የኩርባ ሰሌዳ አለው፤ አንድ ጊዜ የተገኘው ኩርባ ተቀምጦ በየሥዕሉ ላይ ከኅትመት በፊት ይጫናል። ወጪው 21 ሳጥን የታተመባቸው ጥቂት ወረቀቶችና የአንድ ሁለት ቀን ትዕግሥት ነው።

ስለ ቀለም ቅይጥ አንድ ነገር ልጨምር። ባለ ስድስት ቀለም ማሽን ዳለቻን ከሰማያዊ፣ ከቀይና ከቢጫ ሲያቀላቅል በፎቶ ቤቱ አምፖል ስር ዳለቻ የመሰለው ደጅ ሲወጣ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ይላል። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ በቀን ብርሃን የሚታይ ሥዕል በአምፖል ስር ሊፈረድለት አይገባም። የባለ ቀለም ሥዕል ወደ ጥቁርና ነጭ ሲለወጥም የትኛው ቀለም እንደሚመረጥ መጠንቀቅ ያሻል። ለሙከራ ከቡሬ በርበሬ የተሻለ ነገር አላውቅም። በደጅ የተሰጣ በርበሬ በቀዩ መንገድ ሲለወጥ ብሩህ ዳለቻ ይሆናል፤ በሰማያዊው ሲለወጥ ከሰል ይሆናል። ጠይም ቆዳም ቀይ የበዛበት ነውና እጣው የበርበሬው ነው። በርበሬውን የሚያከስል ሁሉ ሰውየውንም ያከስለዋል።

«ይህ ሁሉ ጭንቀት ለማን ነው? ገበሬው መቼ አጉረመረመ?» የሚሉ አይጠፉም። ጎጃም የቅኔና የብራና አገር መሆኑን ረስተዋል። ቁም ጸሐፊ ቀለሙን ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህል አዋሕዶ ከብዙ ጊዜ በፊት ይደፈድፋል፤ ብዕሩን ቀርጾ ከዳር ባለች ቁራጭ ብራና ላይ ይሞክራል፤ ቀለሙ ቢወፍር ያቀጥናል፤ ቢቀጥን ያወፍራል። ብራናውም ከብራና ይለያል፤ የፍየሉ እንደ በጉ አይደለም። ይህንን ሁሉ የሚያደርገው ማንም ስላጉረመረመበት አይደለም። በደህናው ማሽን ውስጥ ያለው ጥቁር ቀለምም ያው ካርቦን ነው፤ ያው ጥላሸት። በጠርሙስ እየተቀዳ የሚሸጠው ርካሽ ቀለም ግን ብዙውን ጊዜ ከሌላ ነገር የተሠራ ነው፤ መስኮት አጠገብ ከተሰቀለ በጥቂት ዓመታት ይገረጣል። ሟቹ ሁለተኛ ይሞታል።

ገበሬው አላጉረመረመም ማለትም ሐሰት ነው። «ጠይም ነበር» ማለት ማጉረምረም ነው። የሰማው ባለሙያ ጠፋ እንጂ።

ጥያቄዬ ለዞኑና ለየወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤቶች፣ ለመምህራንና ለሠዓልያን ነው። ማሽን ሲገዛ የግዥ ሰነዱ ፍጥነቱንና ዋጋውን ብቻ አይጠይቅ፤ ማን ይቃኘዋል የሚለውም ይጻፍበት። በሙያ ማሠልጠኛዎች ፎቶግራፍና ኅትመት የሚያስተምሩ መምህራን 21 ሳጥኑን ለተማሪው ከካሜራው በፊት ይስጡት። የማሠልጠኛው ስካነር በወር አንድ ቀን ለከተማው ፎቶ ቤቶች ክፍት ቢሆን፣ ከፍኖተ ሰላምም ከቡሬም የኅትመት ሰሌዳቸውን ይዘው መጥተው ኩርባቸውን ይዘው ይመለሳሉ፤ አንዱ ያገኘው ቅኝት ተመሳሳይ ማሽንና ወረቀት ላለው ሌላው ጥሩ መነሻ ይሆነዋል። የማስተካከያው ካርድም የሸርሊ አይሁን። ጋቢ የለበሰ ጠይም ገበሬ፣ ነጠላ ያጣፋች ቀይ ዳማ እናት፣ ከጎናቸው አንድ ሰፌድ በርበሬና አንድ ዳለቻ በሬ በቀን ብርሃን አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ይነሡ፤ ያ ሥዕል በየፎቶ ቤቱ ይታደል። የጋቢው ጥለትና የገበሬው ጉንጭ በአንድ ወረቀት ላይ አብረው እስኪታዩ ድረስ ማሽኑ አልተቃኘም።

በሚመጣው የባህል ሳምንት ዐውደ ርእይ ደግሞ ከእያንዳንዱ የጥቁርና ነጭ ሥዕል ግርጌ፣ በዚያው ማሽን በዚያው ወረቀት የታተመው ባለ 21 ሳጥን ሰሌዳ ይለጠፍ። የሠዓሊው ስም በሚጻፍበት አንፃር የአታሚው ስም ይጻፍ። ከገጠር የሚመጣው ተመልካች ራሱ ቀርቦ አሥራ ስምንተኛው ሳጥን ከአሥራ ዘጠነኛው፣ አሥራ ዘጠነኛው ከሃያኛው ይለይ እንደ ሆነ ይቁጠር። ካልተለዩ ሥዕሉ ከግድግዳው ወርዶ ለአታሚው ይመለስለት።